የአዛዧ የራስ ቁር

መነጽር ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዓይን ሲያቀና ኖሮ ከኋላው የመጣበትን ሳያይ ሞተ። ጠዋት መነጽሩን ሊወስድ የመጣው አታሚ በሩን ገፋ ቢያደርገው ተከፈተለት፤ ሰውየው ግንባሩን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ተኝቷል ብሎ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ጠጋ ሲል የማጅራቱን ደም አየና ትልቅ ሰውነቱን ረስቶ እየሮጠ ወጣ።

መርማሪዋ ስትደርስ ረዳቷ ገዳዩን ይዞ ጨርሷል። ረዳቷን ጣቢያው ውስጥ «ምሰሶ» ይሉታል፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ሐሳቡም እንደ ቁመቱ አይታጠፍም። እሷን ደግሞ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ወፈር ያለች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ከረሜላ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ናት።

«ባልየው ነው» አለ ምሰሶ። «የልብስ ሰፊዋ ባል፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ። ትናንት ከሰዓት እዚሁ ደጅ ላይ ‹ሚስቴ ጋ ሁለተኛ ድርሽ ብትል እገልሃለሁ› ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ለዐቃቤ ሕግ እናስረክበዋለን።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት?»

«ምን አድርጓት ነው ድርሽ አትበል የተባለው?»

ምሰሶ ትንሽ አፈረ። «መጽሐፏን አነበበላት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዋ በሰው ቀሚስና ሱሪ መሀል ጊዜ እየሰረቀች ልብ ወለድ ጽፋለች። ርእሱ «ዘጠኙ የጨለማ ዘቦች» ነው፤ ከሺህ ወታደር መሀል ተመርጠው፣ ከከዋክብት ማዶ ያለውን አንድ ጨለማ በር የሚጠብቁ ዘጠኝ ወታደሮች ታሪክ። ከመታተሙ በፊት ሦስት ሰው አስተያየት እንዲሰጣት ፈለገች። ቅጂው አንድ ብቻ ስለሆነ በአራት ክፍል ከፈለችውና አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ያቀብላል። መጀመሪያ የምታነበው አብሮ አደጓ መምህርት ናት፤ ከዚያ አታሚው፣ ከዚያ መነጽር ሠሪው። ሦስቱ ክፍሎች በዚህ ተራ ሄዱ። አራተኛውን ግን ልብስ ሰፊዋ ትናንት በገዛ እጇ ቀጥታ ለመነጽር ሠሪው ሰጠችው። ሰው ሁሉ ሆድ የባሰው ያኔ ነው።

እትዬ ለምን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ክፍሉን ዞረች። ቀላ ያለ ዱቄት ያልነካው ነገር የለም፤ ሟቹ የመነጽር መስተዋት የሚያለሰልስበት ነው። የበሩ እጀታ ቀልቷል፣ የመብራቱ ማብሪያ ቀልቷል፣ የሰውየው ጣቶችማ እስከ ጥፍራቸው ቀልተዋል። መደርደሪያው ላይ የመስተዋት ቅርጽ የሚያወጣባቸው ከባድ የናስ ድቡልቡሎች ተደርድረዋል። አንዱ ብቻ ታጥቦ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።

«መምቻው ይኸው» አለችና አለፈች።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አራተኛው ክፍል አለ። የተነበቡት ገጾች በግራ በኩል በፊታቸው ተደፍተው ተከምረዋል፣ ጠርዛቸው ልክ ለልክ። በቀኝ በኩል የቀረው ገጽ ታች ላይ «ተፈጸመ» ይላል። እትዬ ለምን እሱን ብድግ ስታደርገው ከሥሩ ሌላ አንድ ወረቀት አገኘች። አነበበችው። ከረሜላዋን ማላመጥ አቆመችና ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

ከጠረጴዛው አጠገብ የደንበኛ ወንበር ተጠግቷል፤ እግሩ ሥር ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጧል። መያዣ ማሽኑ ላይ ደግሞ መስተዋት የሌለው ባዶ የመነጽር ፍሬም ታስሯል።

«ይህ የማን ነው?»

«የራሱ» አለ አታሚው ከደጅ ሆኖ። ወደ ውስጥ ለመግባት አልደፈረም። «ከትናንት ወዲያ ወድቆ ተሰበረበት። የእኛን ሳይጨርስ የራሱን አይሠራም። የእኔም እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የሰነበትኩት።»

መሳቢያውን ከፈተችው። የአታሚው መነጽር ስሙ ተለጥፎበት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«መጽሐፉ እንዴት ነው?» አለችው።

«ወፍራም ነው።»

«እንደ አታሚ ሳይሆን እንደ አንባቢ ንገረኝ።»

«እንደ አንባቢ ጦርነቱ ጥሩ ነው። ወታደሮቹ ግን ከመተኮሳቸው በፊት ብዙ ያስባሉ። ቁረጪው አልኳት። እኔ ስናገር ግን መርፌዋን አታቆምም፤ እሱ ሲናገር ታቆማለች።»

«ቀንተሃል።»

«እርስዎ ቢሆኑ አይቀኑም? ጩጬን ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቧንቧ ውስጥ ተቀርቅራ ትተናት ሄድን። ጩጬ ማለት የወታደሮቹ ትንሿ ናት፣ ቧንቧ ጠራጊዋ። ትውጣ አትውጣ እስከዛሬ አላውቅም። እሱ ግን እንዲያውቅ ተፈቀደለት።»

ጣቢያ ውስጥ ባልየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ክንዱ የጎማ ያህል ነው፤ ፊቱ ግን ከረሜላ እንደተቀማ ሕፃን ነው። እትዬ ለምን አዘነችለትና አንድ ከረሜላ ሰጠችው።

«አንተስ ስለ መጽሐፉ ምን ትላለህ?»

«ጨረቃ ላይ ያሉት ወታደሮች?»

«ጨረቃ ላይ አይደሉም።»

«ታዲያ የት ናቸው?» አለ፣ እውነቱን ነው። «እኔ አንድ ገጽ አላነበብኩም። አንብብልኝ ያለኝም የለም። እሱን ‹ምዕራፉ እንዴት ነው?› ትለዋለች። እኔን ‹ሾርባው ጨው አንሶታል?› ነው የምትለኝ። አሥራ ምናምን ዓመት ጨው ቀማሽ ሆኜ ኖርኩ።»

«ለምን አልጠየቅካትም?»

«ብጠይቃትና አይገባህም ብትለኝስ?»

ልብስ ሰፊዋ ቤት የስፌት መኪናው ቆሟል፤ ዓይኗ አብጧል። ሦስቱን ክፍሎች ሳትጠየቅ አውጥታ ሰጠች። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ቀላ ያለ የአውራ ጣት ምልክት አለ።

«የእሱ ነው» አለች። «ማኅተሙን መታበት እያልን እንስቅ ነበር።»

«አራተኛው ክፍል እንዴት እንደሚያልቅ የነገርሽው ሰው አለ?»

«ማንም። መጨረሻውን የቀየርኩት ትናንት ጠዋት ነው። እስከዚያ እኔም አላውቀውም። ወሰድኩለት፣ ባለቤቴ ተከትሎኝ መጣና ጮኸ፣ አፍሬ እዚህ ተመለስኩ። እስኪመሽ የሙሽራ ሚዜዎች ልብስ ስለካ ነበር፤ አራቱንም ይጠይቋቸው።» ቀጥላም «እትዬ፣ እሱ አፉ ነው እንጂ ዝንብ አይገድልም። ዛሬ ለዐቃቤ ሕግ ከሰጣችሁት ተመልሶ አይመጣልኝም» አለች።

መምህርቷ ባዶ ክፍል ውስጥ ነበረች፣ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተዋል። አንገቷን ቀና የምታደርግ ቀጭን ሴት ናት። የጠመኔ ቁርጥራጮቹን እንኳ በቁመታቸው ልክ ደርድራቸዋለች። ድምጿ ሻክሯል።

«ጉንፋን ነው?» አለች እትዬ ለምን።

«የልጆች ጩኸት ነው።» ቁጭ አለች። «እሷን ከልጅነቷ ጀምሮ የማነብላት እኔ ነኝ። አጥር ላይ ተቀምጠን የጻፈችውን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ይህን ሰርዢ ስላት ትሰርዛለች። ጽሑፏ ጥሩ መሆኑን የምታውቀው በእኔ ድምፅ ሲወጣ ነበር።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮማ ባለሙያ መጣላት። መነጽር የሸጠ ሁሉ ማንበብ የሚያውቅ መሰላት።»

«መጽሐፉንስ ወደድሽው?»

«አዛዧን ወደድኳት። ስምንቱን እየጎተተች ከሞት የምታወጣቸው እሷ ናት። የቀሩት ጥይት ከመቁጠር በቀር ምን ይሠራሉ።»

«አታሚውን ያሳሰበችው ጩጬ ናት።»

«ኤዲያ፣ ጩጬ» አለች መምህርቷ፤ ከንፈሯ ተጣመመ። «ምን አላት እሷ? የአዛዧ የራስ ቁር እንደ ባልዲ ተደፍቶባት፣ ጭንቅላቷ ላይ ሲዋኝ፣ አንባቢ አጨብጭብ ይባላል እንዴ?»

እትዬ ለምን ከረሜላ ዘረጋችላት። መምህርቷ አልፈልግም አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መነጽር ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከግድግዳው ላይ ዓይን የሌላቸው መነጽሮች ቁልቁል ያዩአቸዋል። ባልየው በካቴና፣ ምሰሶ ከጎኑ። ልብስ ሰፊዋና መምህርቷ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አታሚው አሁን ጨክኖ ገብቷል፣ መነጽሩንም አድርጓል።

«ጠዋት ምሰሶ ቅናተኛውን ያዝኩ አለኝ» አለች እትዬ ለምን። «ችግሩ ያልቀና ሰው አጣሁ። ባል ቀንቷል፣ አታሚ ቀንቷል፣ ሁሉም የሚቀናው ደራሲዋ ጆሮዋን ለእሱ ሰጠች ብሎ ነው። ስለዚህ ቅናቱን ተውኩትና ወረቀቱን አየሁ።»

አራተኛውን ክፍል አነሳች።

«ሟቹ ያነበበው ገጽ ሁሉ አውራ ጣቱ ይታተምበታል። ይህ ግን ንጹሕ ነው፤ አንድም ቀይ ነጥብ የለበትም። ቢሆንም እስከ ‹ተፈጸመ› ድረስ ተነቧል። ማን አነበበው? እሱ መነጽሩ ተሰብሮ ነበር፣ ገጹ በፊቱ ቢዘረጋም ጭጋግ ነው የሚያየው። እንግዲህ ሌላ ሰው ያንን ወንበር ጠጋ አድርጎ ተቀምጦ አነበበለት። ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፣ ለዚህ ነው ጉሮሮው ደርቆ ውሃ የፈለገው። የገደለውም ያው ሰው ነው። ሌላ እንግዳ በኋላ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ትናንት እዚያ ነበርኩ ብሎ ይነግረኝ ነበር። የነገረኝ ግን የለም።»

ምሰሶ «ባልየው...» ብሎ ጀመረ።

«ምሰሶ፣ አንተ ልትገድለው የመጣኸውን ሰው አጠገብ ቁጭ ብለህ ተረት ታነብለታለህ? ያውም ወታደሮቹ ጨረቃ ላይ የመሰሉት ሰው?»

ባልየው አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ አንድም ገጽ አንብብልኝ ብላው እንደማታውቅ ያኔ ነው የገባት።

«አታሚያችን ትናንት እንኳን የእጅ ጽሑፍ ሊያነብ በርም አያይም ነበር፤ መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ደራሲዋ ሚዜዎች ስትለካ አመሸች፣ ጠይቄያቸዋለሁ። እሷ ብትሆን ደግሞ ከ‹ተፈጸመ› ሥር ያለውን ወረቀት ሳታነብለት አትቀርም ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ጩጬ የአዛዧን የራስ ቁር የምታጠልቀው የት ላይ ነው?»

«መጨረሻው ላይ። አዛዧ ስትሞት። ትናንት ጠዋት የጨመርኩት እሱን ነው።»

«ሰፋት?»

«ሰፋት። እንደ ባልዲ ነው የሆነባት።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌሎቹን ፊት አየች። «ይህን ማን ነገረዎት?»

«መምህርቷ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት» አለች እትዬ ለምን። አታሚው ሦስተኛው ክፍል ላይ ቧንቧ ውስጥ የቀረችውን ልጅ እያሰበ አፉን ከፍቶ ቀረ። መምህርቷ ጣቶቿን እንደ ጠመኔዎቿ አሰልፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እታለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራት እንዲህ ነው። «አላነበብሽውም በይኝ።»

«ልሰድበው ነበር የመጣሁት» አለች መምህርቷ። «ጥሩ ጊዜ መጣሽ፣ ዓይኔ ጠፍቶ ነው፣ አንብቢልኝ አለኝ። አነበብኩለት። የአንቺን ጽሑፍ አንብቢ ተብዬ እምቢ ብዬ አላውቅም። አዛዧ ስትሞት እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ሳቀ። ‹ትልቂቱ ትለፍ፣ ትንሿ ትደግ ብያት ነበር፣ ሰማችኝ› አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስተዋቱን መዳበስ ጀመረ። እንደ ተማሪ አሰናበተኝ። አንቺ እኔን የሰረዝሽኝ መሰለኝ፤ ናሱን አነሳሁና መታሁት።»

«ትደግ ብሎኛል፣ እውነቱን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አዛዧን ግን እሱ መቼ ያውቃትና።»

እትዬ ለምን ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ ለመምህርቷ ሰጠቻት። «ከ‹ተፈጸመ› ሥር የነበረው ይህ ነው። አንድ ገጽ ቀርቶሽ ተነሳሽ።»

መምህርቷ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ የምታነብ ሴት ናት። ይህን ግን ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች አነበበችው። እንዲህ ይላል፦ «ይህ መጽሐፍ ለመጀመሪያዋ አንባቢዬ ነው። አዛዧ እሷ ናት፣ ጩጬ እኔ ነኝ። የራስ ቁሩ ልኬ እስኪሆን ድረስ ከጭንቅላቴ ላይ እንዳይወድቅ በእጇ የደገፈችልኝ እሷ ናት።»

ወረቀቱን ጠርዙን ልክ ለልክ አድርጋ አጠፈችው።

«ለምን ታዲያ ለእሱ አስቀደምሽ?» አለች በመጨረሻ።

«መነጽሩን ሲጨርስ ስህተቱን እንዲለቅምልኝ ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለአንቺ ንጹሑን ልሰጥሽ።»

ምሰሶ ካቴናውን ከባልየው እጅ ፈታ። ባልየው የተፈታ እጁን እያሻሸ ሚስቱ አጠገብ መጥቶ ቆመ፣ አልነካትም። ካቴናው በሹፌር ክንድ ልክ የተከፈተ ነበርና መምህርቷ ላይ ሲገባ ሰፋት፤ ቀጭን አንጓዋ ላይ ዋኘ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ሰፊ እጅጌ ልታጠብብላት እጇን ዘረጋች። እጇ መንገድ ላይ ሲደርስ ካቴና መሆኑ ትዝ አላትና መለሰችው።