የብሎክ ሰባት ጥዶች

ኢስራ አፍንጫዋን በሂጃቧ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ከብሎክ ሰባት ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ከተሰበረ ወር አልፎታል። ከውስጡ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ዳይፐሩንና የሽንኩርት ልጣጩን እየገፋ እስከ መኪና ማቆሚያው ይደርሳል። ሽታውንማ ተዉት። የኮምቦልቻ ፀሐይ ሲያርፍበት የበሉትን ቁርስ ያስመልሳል። እሷን ግን የዚያን ሐሙስ ያቅለሸለሻት ጉድጓዱ አልነበረም።

ከፊቷ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ሳዲቅ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሁለት ጎረምሶችን ያዝዛሉ። ጎረምሶቹ ከአይሱዙ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ እያወረዱ፣ ታቹን በመጥረቢያ እያሾሉ መሬት ላይ ይቸክላሉ። ችግኝ እንዳይመስላችሁ። ከከተማው በላይ ካለው ከሐረጎ ተራራ ቁልቁለት፣ ደህና ከቆመ ዛፍ ላይ ተቆርጦ የመጣ ቅርንጫፍ ነው። ዙሪያውን በእግራቸው ይረግጡታል፣ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ይደረድሩበታል፣ በቃ፣ ዛፍ ሆነ። አረንጓዴ ለማስመሰል አረንጓዴውን ቆርጦ ማምጣት! ይኼን የሚያስብ ጭንቅላት ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው?

ጋሼ ሳዲቅ ኢስራን ሲያዩ አላፈሩም። እንዲያውም ኮራ ብለው እስከ ቅዳሜ እንደማይጠወልግ ነገሯት። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። የከተማውን ኮንዶሚኒየሞች እየዞሩ ጎብኝተው፣ ግቢውን በደንብ ያለማውን ይሸልማሉ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ግቢው በሙሉ አረንጓዴ ካኔቴራ ለብሶ ወጣ። ወይራው፣ ግራቪሊያው፣ ጥዱ፣ መቶ ሃምሳ ችግኝ መጣ። ሰማዩ በሐረጎ በኩል ጠቁሯል፣ ፎቶ አንሺው ቸኩሏል። ችግኙ ያደገበትን ጥቁር ፕላስቲክ ቀድዶ ለመጣል ማን ጊዜ አለው? ሰው ችግኙን ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል፣ አፈር ይመልሳል፣ ይጨበጨባል። ኢስራም ስድስት ተከለች። ፕላስቲኩ አይቀደድም ወይ ብላ ጓደኛዋን ፋኢዛን ጠይቃት ነበር። ፋኢዛ ደግሞ በኋላ እንቀደዋለን አለቻት። አንዴ የተቀበረን ነገር በኋላ ማን ቆፍሮ ሊቀድድ?

መስከረም ላይ ኢስራ ከጠወለጉት ችግኞች አንዷን ቆፈረቻት። ሥሯ ፕላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ፣ መሄጃ አጥቶ በስብሷል። የጠነባ ውሃ እጇ ላይ ፈሰሰ። ሦስቴ በሳሙና ታጥባም ሽታው ከጣቷ የለቀቃት አልመሰላትም። ከሁሉ የከፋት ደግሞ የቀበረቻት ራሷ መሆኗ ነው።

በዚያው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፋኢዛ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። ፋኢዛ የጋሼ ሳዲቅ ልጅ ናት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እስካሁን ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ከኢስራ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡንም አብረው ነው የመሠረቱት። ወረቀቱ ቅዳሜ ለእንግዶቹ የሚነበብ ሪፖርት ነው። እንድታነብ የተመረጠችው ኢስራ ናት፣ ድምፅዋ ጥሩ ስለሆነ። ከተተከሉት መቶ ሃምሳ ችግኞች መቶ አርባ ሁለቱ መፅደቃቸውን ይናገራል። ኢስራ ሁለቴ አነበበችው።

«ፋኢዚ፣ መቶ አርባ ሁለት?»

«ምነው፣ አነሰብሽ?» ብላ ሳቀች ፋኢዛ።

«አንድም የለም እኮ። አብረን አይተን የለ?»

«አታካብጂው በአላህ። ሁሉም ብሎክ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ብሎክ ሦስቶች የላስቲክ አበባ ነው የሰኩት፣ ወላሂ። ፓምፑን አስቢ አንቺ። ለእናትሽ አታስቢም?»

ፋኢዛ የት ላይ እንደምትወጋ ታውቃለች። ሽልማቱ የውሃ ፓምፕና ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሮቶ ነው። ብሎክ ሰባት ውሃ የሚደርሰው እስከ ምድር ቤት ብቻ ነው፣ እሱም በሦስት ቀን አንዴ። ኢስራ ከእናቷ ከከሪማ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ከሪማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንደተጣበቀ ትመጣና በየእጇ አንዳንድ ጀሪካን አንጠልጥላ ደረጃውን ትያያዘዋለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ኢስራ ልርዳሽ ስትላት አንዱን ትሰጣታለች እንጂ ሁለቱንም ሰጥታት አታውቅም።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ኢስራ ስለ ሪፖርቱ ነገረቻት። እናቷ ትቆጣልኛለች ብላ ነበር። ከሪማ ግን እግሯን እያሸች ሰማቻትና ውሸቱ የማን እንደሆነ ጠየቀቻት። የጋሼ ሳዲቅ ነው አለቻት ኢስራ። እንግዲያው ወንጀሉም የሳቸው ነው፣ አንቺ የተሰጠሽን አንብበሽ ውረጂ አለቻት እናቷ።

«ዝም አይነቅዝም ልጄ። እኔ ውሃ ነው የምፈልገው።»

እናቷ እውነት አላት። ለዚህች ሴት ውሃ ሲያንሳት ነው። ኢስራ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ላነበው ነው ብላ ቆረጠች።

ዓርብ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ምድር ቤት ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ሼህ ሙሄዲን ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው፣ በሌላኛው እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ቅርንጫፎቹ ሲሄዱ አየቻቸው። ሼህ ሙሄዲን የኩታበር ገበሬ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ልጃቸው ወደዚህ አመጣቸው። አሁን ከሰው ጥላውን፣ ከዛፍ አረንጓዴውን ብቻ ነው የሚለዩት። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጋ ደረሱ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ቀስ አድርገው አፈሰሱ። ወደ ሁለተኛው አለፉ። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ተመልሰው ከቧንቧው ሞሉና ሦስተኛውን አጠጡ።

ኢስራ ጀሪካኗን አስቀምጣ ተጠጋቻቸው። ሰላምታ ሰጠቻቸው፣ በድምፅዋ ለዩዋት።

«አንቺ የከሪማ ልጅ፣ አየሻቸው? ማሻአላህ፣ አሁንስ ሰው ሆነን» አሉ። «ሳዲቅ፣ ገና ለጋ ናቸው፣ እንዳይነኩብን አለኝ። እኔም በእጄ አልነካሁም። ውሃ ግን ጠምቷቸዋል።»

እንዳይነኩብን! አንዴ በእጃቸው ቢዳስሱት ስልሳ ዓመት ያረሰ እጅ እንደሚያውቅበት ለጋሼ ሳዲቅ ገብቷቸው ነዋ። ከአይሱዙው ጎን የቆሙት ጎረምሶች አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል። ኢስራ ለሽማግሌው ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ፓምፑ ትዝ አላት፣ የእናቷ ወገብ ትዝ አላት፣ አፏን መልሳ ዘጋች። ሼህ ሙሄዲን አምስተኛውን ቅርንጫፍ እያጠጡ መረቋት። «አብሽሪ ልጄ፣ ጥላው ለናንተ ነው» አሏት። አሚን አለች። ደረጃውን ስትወጣ ከፍሳሹ ሽታ ይልቅ የገዛ አሚኗ አቅለሸለሻት።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፣ የፍሳሹ ጉድጓድ ላይ ቆርቆሮ ተደፋ፣ ቆርቆሮው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ኧረ ምንጣፍ! ሽታው ግን በምንጣፍ የሚታፈን አይደለምና እንግዶቹ ገና ሲቀመጡ መሐረባቸውን አወጡ። ጋሼ ሳዲቅ ሱፋቸውን ለብሰው፣ በማይክራፎን እንኳን ደህና መጣችሁ ካሉ በኋላ፣ በወሎ ደንብ ነገር የሚከፈተው በዱአ ነው ብለው ሼህ ሙሄዲንን ጋበዙ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ከቅርንጫፎቹ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ መዳፉን ዘረጋ። ከሁሉ ቀድመው የዘረጉት ጋሼ ሳዲቅ ናቸው።

ኢስራ ሪፖርቷን ይዛ ከሼህ ሙሄዲን ጎን ቆማለች፣ ቀጣይዋ ተናጋሪ እሷ ናት። የጋሼ ሳዲቅን የተዘረጉ እጆች አየች። እዚያው የምታስመልስ መሰላት። በሰው ፊት መዋሸት አንድ ነገር ነው። እኚህን ሰው በማያውቁት ውሸት ላይ እጅ ማስነሳት ግን ለእሷ ሌላ ነው። ጎንበስ ብላ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።

«አባባ፣ ዱአ አያድርጉ። ችግኝ አይደለም። ከሐረጎ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው።»

«የትኛው?»

«ሁሉም።»

ሼህ ሙሄዲን እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው የቅርባቸውን ቅርንጫፍ ያዙ። መጎተትም አላስፈለጋቸው፣ ነቀል ብሎ መጣላቸው። በመጥረቢያ የተሾለውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አሏት በዝግታ።

«አዎ።»

«ትናንት ሳጠጣም?»

«አዎ፣ አባባ።» መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አፉ ይበሉኝ።»

«እኔስ አፉ ብዬሻለሁ» አሉ። «ለእነሱ ግን አንቺው ንገሪያቸው። እጄን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሕዝቡ እጁን እንደዘረጋ ተያየ። ጋሼ ሳዲቅ ፈጠን ብለው፣ ሼኪ ዕድሜ ነውና ደከም ብሏቸዋል፣ ዱአው ለመዝጊያ ይሁን፣ እስከዚያ ተማሪ ኢስራ ሪፖርቷን ታቀርባለች አሉ። እየሳቁ ማይክራፎኑን ሲያቀብሏት ግን ክንዷን ጠበቅ አድርገው ያዟት። ክንዷ ላይ የቀረው ላብ ቀፈፋት፣ በቀሚሷ ጠረገችው።

ፋኢዛ ከፊት ረድፍ ላይ አውራ ጣቷን አንስታ አሳየቻት። ኢስራ ግን የምትፈልገው እናቷን ነበር። ከሪማ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ እንቅልፍ ሳይነካት መጥታለች፣ ከሕዝቡ ኋላ በእግር ጣቶቿ ቆማ አንገቷን አስግጋለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ በከንፈሯ ብቻ «አንብቢ» አለቻት።

ኢስራ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«የብሎክ ሰባት የችግኝ ተከላ ሪፖርት» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ የፎቆቹን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። «ሐምሌ ላይ የተተከሉ ችግኞች ብዛት፣ መቶ ሃምሳ። ከእነዚህ ውስጥ የፀደቁት…»

እዚያ ላይ ቆመች። ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«የፀደቀ የለም። እኔ የተከልኳቸው ስድስቱም ሞተዋል። አሁን የምታዩዋቸው ሐሙስ የተሰኩ ቅርንጫፎች ናቸው።»

ከኋላ በኩል ከሪማ ዓይኗን ጨፈነች። ኢስራ አየቻት። አይታትም ቀጠለች።