ስህተት የሌለበት ሰሌዳ

ጡረተኛዋ የእንግሊዝኛ መምህርት ኦርላ ፌኒክ፣ ካናዳ ውስጥ ብራንደን ከተማ ባለው ቤቷ፣ በምታስተምርበት ክፍል ሞታ ተገኘች። ደም የነካው የምድጃው መቆስቆሻ ብረት አጠገቧ ወድቋል። ሰሌዳው ላይ የተገለበጠ የባቄላ ድስት ተሥሎ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ከነፍቺው፣ «ባቄላውን ደፋ፦ ምስጢር አወጣ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ነገር የለበትም።

«ትምህርቱ አልቋል፤ ተማሪው ደግሞ አንድ ነው» አለ የፖሊስ አለቃው። «ከሦስት ቀን በኋላ ክስ ይመሠረትበታል።»

ሳጅን ሞርና ክላሰን ሁለት ቀን ሰሌዳው ላይ ብታፈጥም ምንም ጠብ አላለላትም። ተማሪው ኤፍራይን ከሆንዱራስ የመጣ የቄራ ሠራተኛ ነው።

«ስምንት ሰዓት ላይ አንኳኳሁ። አልከፈቱም። ሄድኩ!» ይላል ከእስር ክፍሉ ደጋግሞ።

«ፈረሶችህን ያዝ እንጂ» አለው ጠባቂው፣ ረጋ በል ለማለት።

«የምን ፈረስ? ፈረስ የለኝም!» ኤፍራይን ሊያለቅስ ደረሰ።

ሞርና ተበሳጭታ ወጣች። የሟቿ የወንድም ልጅ ጋርዝ አብሯት ይኖር ነበር፤ ቤቱን ልትሸጥበት እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የበረዶ ላይ ጨዋታ፣ ኩርሊንግ፣ ስጫወት ሃያ ሰው አይቶኛል» አላት። «ደግሞ እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። የሕፃን ትምህርት ነው።»

ፎቅ ላይ የተከራዩት ወይዘሮ ኢኒድ ያን ዕለት ሆስፒታል ነው የዋሉት።

«ትምህርቷ ሳቅ በሳቅ ነበር፣ ልጄ» አሏት። «'ድመትና ውሻ ዘነበ' የሚለውን ፈሊጥ እንደ ልማዷ ኤፍራይን ሳይመጣ ሥላ ቆይታ ስትጠይቀው፣ 'ጎረቤት ተጣላ' አላላትም መሰለሽ! ከባድ ዝናብ ለማለት እኮ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ጻፈችዋ! ሦስት ስህተት ከራሱ አፍ ሳትጽፍ መልሱን አትነግረውም፤ ስህተቱንም አታጠፋም። ትምህርቱ ካለቀም በኋላ እስከ ማግስቱ ይቆያል።»

ሞርና ኮቷን ሳትለብስ ወጣች።

በማግስቱ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበች።

«ሥዕሉን የሣለችው ኦርላ ናት፤ ሁልጊዜ ተማሪዋ ከመድረሱ በፊት ትሥላለች» አለች። «የኤፍራይን ስህተቶች ግን የታሉ? የሉም። ስለዚህ ትምህርቱ አልተጀመረም፤ ከስምንት ሰዓት በፊት ሞታለች። መልሱን የጻፈው ገዳዩ ነው፤ ትምህርቱ ያለቀ እንዲመስል። ይህ የሚጠቅመው ከስምንት ሰዓት ወዲህ ምስክር ያለውን ሰው ነው። ኤፍራይን መልሱን አያውቅም። ወይዘሮ ኢኒድ ልማዷን ያውቃሉ። መልሱን አውቆ ልማዷን የማያውቅ፣ የቤቱም ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ጋርዝ ፊቱ ቀላ።

«ሦስት ስህተት?» አለ በንዴት። «እንዲህ ያለ ተራ ነገር የሚስት ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ?»

አለቃው ካቴናውን ከኤፍራይን እጅ ፈታ።