ሎሚትና ሁለቱ መርፌዎች

ሎሚት መኪና ናት። አሮጌ፣ ቢጫ፣ ድሬዳዋን ከጥግ እስከ ጥግ የምታውቅ መኪና!

ስትሄድ «ጥርርር... ጡፍ! ጥርርር... ጡፍ!» ትላለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በድምጿ ይለያታል።

ሎሚት የሚልኪ አባት የጀማል መኪና ናት። ሚልኪ ግን «የኔ ናት!» ትላለች።

ከመሪው ፊት ለፊት ሁለት ክብ መስታወቶች አሉ። በአንደኛው አንዲት ቀይ መርፌ፣ በሌላውም አንዲት ቀይ መርፌ።

የመጀመሪያዋ መርፌ ሎሚት ምን ያህል ነዳጅ እንዳላት ትናገራለች። ሁለተኛዋ ሎሚት ምን ያህል እንደሞቃት ትናገራለች።

ነገ ሠርግ ነው! የሚልኪ አባት እህት፣ አዳዳ ረውዳ፣ ልታገባ ነው።

«እኔ በሎሚት ካልሆነ ንቅንቅ አልልም!» ብላለች አዳዳ ረውዳ። «ሚልኪም ከጎኔ ትቀመጣለች።»

ዛሬ ግን ሎሚት ገና ከቤት እንደወጣች፣ መንገድ መሃል፣ «ጥርርር... ጥር... ጥ... ጭጭ!» አለች።

«እንዴ! ነዳጇ ሙሉ ነው እኮ!» አለ የሚልኪ አባት። መስታወቱን በጣቱ መታው። «ኳ! ኳ! ኳ! እውነቱን ንገሪኝ!»

የነዳጇ መርፌ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ተመልሳ «ሙሉ» ላይ ተቀመጠች።

የሙቀቷስ መርፌ? እሷም ላይ ወጥታ ተሰቅላለች። «ተቃጠልኩ! ተቃጠልኩ!» የምትል ትመስላለች።

አባቷ ወርዶ ኮፈኑን በመዳፉ ነካው። ኮፈኑ ለብ እንኳ አላለም።

የሰፈሩ ልጆች እየሮጡ መጡ። ሎሚትን ወደ ቤት ገፏት። «ሆ! ግፉ! ሆ! ግፉ!»

ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር አቆሟት።

«አቦ፣ በቃ ሞተሯ አርጅቷል» አለ አባቷ። «ለነገ የሰው መኪና ልለምን። ሎሚት ከእንግዲህ እዚሁ ትቀመጥ።»

«እዚሁ? ሁልጊዜ?» አለች ሚልኪ።

ሚልኪ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ነጭ መሐረቧን በውሃ ነክራ የሙቀት መርፌዋ መስታወት ላይ አስቀመጠች። ትኩሳት ሲይዛት እናቷ እንደዚህ ነው የምታደርግላት።

«ኳ! ኳ! ኳ! እውነቱን ንገሪኝ!» አለች።

መርፌዋ ግን አልወረደችም። መሐረቡ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ እንጂ።

አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ቁልፉን ያዞራል፤ ያዞራል። ሚልኪ ደግሞ ዝም ብላ ፍሬቻውን አበራችው። ፍሬቻ ማለት መኪና ልትታጠፍ ስትል ብልጭ ብልጭ የሚለው መብራት ነው።

ጭቅ! ጭቅ! ጭቅ!

«ሚልኪ! አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?» አለ አባቷ።

«አባ! እይ! እይ! መርፌዎቹ እየዘለሉ ነው!»

ጭቅ ሲል፣ ሁለቱም መርፌዎች ዘለሉ። ጭቅ ሲል፣ ሁለቱም ዘለሉ። እኩል! አብረው!

«ማነው የሚዘለው?» እያለች አዳዳ ረውዳ ከቤት ወጣች። ሁለት እጆቿ ለሠርጉ ሂና ተቀብተው፣ በፌስታል ተጠቅልለዋል።

ሌላ ቀን ቢሆን የመኪና ሽቦ የምትጠግነው እሷ ነበረች። ጋራዥ ውስጥ ነው የምትሠራው። ዛሬ ግን ምንም መንካት አትችልም፤ ሂናው ይበላሻላ!

«አንቺ ግቢ! ሙሽራ ከመኪና ጋር ምን አላት?» አለ የሚልኪ አባት።

«እጄ ነው የታሰረው ጀማል፤ ዓይኔ አልታሰረም። አፌማ ጭራሽ!» አለች። ሚልኪም ሳቀች።

አዳዳ ረውዳ መርፌዎቹን አየች። ጭቅ፣ ዝላይ። ጭቅ፣ ዝላይ።

«ሚልኪዬ፣ አንዷ ብቻ ብትሳሳት፣ የታመመችው እሷ ናት እንል ነበር። ሁለቱም አብረው ከተሳሳቱ ግን፣ የታመመው የሚጋሩት ነገር ነው።»

«ምንድን ነው የሚጋሩት?»

«አንዲት ጥቁር ሽቦ። ማሳ እንላታለን። ከመርፌዎቹ ኋላ፣ የመኪናዋ ብረት ላይ ታስራለች። እሷ ከላላች መርፌዎቹ የሚናገሩትን አያውቁም።»

አባቷ መጀመሪያ ባትሪውን ፈታ። ከዚያ እጁን ከመርፌዎቹ ኋላ ሰደደ። እጁ ግን አልገባም።

«ሳምቡሳ ቀንስ አላልኩህም?» አለች አዳዳ ረውዳ።

«ዝም በይ አንቺ ሙሽራ!»

የአዳዳ ረውዳ እጅ ሂና ነው። የአባቷ እጅ ወፍራም ነው። ታዲያ ማን ቀረ?

«እኔ!» አለች ሚልኪ። ትንሿን እጇን አስገባች። ገባ!

«ጥቁር ሽቦ አገኘሽ? ጫፏ ላይ ብሎን አለ?»

«አለ! ግን ይወዛወዛል። ደግሞ ይሻክራል።»

«እሱ ዝገት ነው። በይ የኔ አንበሳ፣ ብሎኑን ፍቺው።»

ሚልኪ አባቷ ባቀበላት አጭር ካቻቢቴ ብሎኑን ፈታችው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸችው። ሽር! ሽር! ሽር!

ብሎኑ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ፈለገችው፤ ከወንበሩ ሥር አገኘችው። አንድ ጊዜ አስነጠሳት። መልሳ አሰረችው። ጥብቅ!

አባቷ ባትሪውን መለሰ። ቁልፉን አዞረ።

የሙቀቷ መርፌ ቁልቁል ወረደች። «ቀዝቃዛ» አለች።

የነዳጇም መርፌ ወረደች። ወረደች። ወረደች። ከታች ደርሳ ቆመች። «ባዶ» አለች።

«ውይ! አበላሸኋት!» አለች ሚልኪ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አዳዳ ረውዳ። «ጀማል፣ እስቲ መኪናዋን ወዝውዛት። ሚልኪ፣ አንቺ ነዳጇ ያለበት ጋ ጆሮሽን ጣይ። ነዳጅ ካለ ቿ ቿ ይላል።»

አባቷ ወዘወዘ። ሚልኪ አዳመጠች። ቿ የለ! ምንም የለ! ጭጭ!

«ባዶ ነው?» አለ አባቷ።

«ባዶ ነው!» አለች ሚልኪ።

«ባዶ ነው! ሞተሯ ደህና ነው! ነዳጅ አልቆባት ነው የቆመችው!» አለ አባቷና ሚልኪን ወደ ላይ አነሳት። «ባዶ ነው! ባዶ ነው!» እያሉ ግቢውን ዞሩ።

ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ምን ሆነው ነው ባዶ ነው እያሉ የሚጨፍሩት?» አለች።

አባቷ በጄሪካን ነዳጅ አምጥቶ ቀዳ። ግልግልግል! መርፌዋ ቀስ፣ ቀስ እያለች ወጣች።

ቁልፉን አዞረ። «ጥርርር... ጡፍ! ጥርርር... ጡፍ!»

«ሎሚትዬ፣ ሳላጣራ ፈረድኩብሽ» አለ አባቷ። መሪዋን መታ መታ አደረጋት። «የሰው መኪና አልለምንም። ነገ አንቺ ነሽ!»

በማግስቱ ሎሚት በሪባንና በአበባ ተሸለመች። ሙሽራዋ ኋላ ተቀመጠች፤ እጇ ላይ ሂናው አበባ መስሏል። ሚልኪ ከጎኗ ተቀመጠች።

አባቷ ክላክሱን አስጮኸው። ጲጵ! ጲጵ! ጲጲጲጵ! ሰው ሁሉ እልል አለ።

«የኔ መካኒክ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ እንዴት ነን?» አለች ሙሽራዋ።

ሚልኪ አንገቷን አስግጋ መርፌዎቹን አየች። «ነዳጅ አለ! ሙቀቱም ደህና ነው! እንሂድ!»

ሄዱ፤ ሎሚትም አንድም ቦታ አልቆመችም።

ፀሐይ ስትገባ፣ ሙሽራዋን አድርሰው ወደ ቤት ተመለሱ። ሚልኪ የኋላው ወንበር ላይ ተኝታለች፤ ጥፍሯ ውስጥ ትንሽ ዝገት ቀርቷል።

መንገዱ ሁሉ የሠርግ መኪና ነው፤ ሁሉም ጲጵ ጲጵ ይላል። የሚልኪ አባት ግን ክላክሱን አልነካም። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ነዳ።