ሦስተኛው የብሎን ንክሻ

አሰልጣኙን ያገኘችው ሚስቱ ናት። ከተኩስ ሜዳው ጫፍ፣ ከዒላማዎቹ ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ጥይቱ በጀርባው ገብቷል። አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ አንገቱን ዳሰሰች፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፣ ከዚያ ወደ ቤት ተመልሳ ፖሊስ ጠራች። በተኩስ ክለብ ውስጥ የተኩስ ድምፅ ማንንም አያስደነግጥምና፣ በግቢው የነበሩት ሁሉ ድምፁን ሰምተው ሥራቸውን ቀጥለው ነበር።

መርማሪው ሲደርስ ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። መርማሪው አጭር፣ ዓይኖቹን ሁልጊዜ ገርበብ የሚያደርግ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «እንቅልፉ» ይሉታል፤ እስረኞች ግን በዚህ ስም ሲጠራ ስቀው አያውቁም። የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ በሩ ላይ ተቀብሎ ሁሉንም ዘረዘረለት። በጠመንጃ ክፍሉ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ በየቦታው ቆሟል፤ የባሩድ ሽታ ያለው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም የሟቹ ሴት ልጅ የምትወዳደርበት ነው። በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ያላቸው ሚስቱ፣ ልጁ፣ ታናሽ ወንድሙና የክለቡ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው። ትናንት ቀትር ላይ ደግሞ አባትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

«ጠመንጃው የሷ፣ ጠቡ የሷ፣ ቁልፉም በእጇ። ሌላ ምን ቀረ?» አለ አዛዡ።

«እሷ ቀረች» አለ መርማሪው። «ገና አላነጋገርኳትም።»

ከደጅ ልጅቱን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር። እናትየው በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ያንን መኪና ታያለች። ባሏን በጠዋቱ አጥታለች፤ ልጇን ደግሞ ከምሳ በፊት ሊወስዱባት ነው።

ልጅቱ ሳሎን ውስጥ እጆቿን በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ተቀምጣለች። ከቀኝ ቅንድቧ በላይ ፕላስተር ተለጥፎባታል። መርማሪው ስለ አባቷ ሳይሆን ስለ ፕላስተሩ ጠየቃት።

የምትተኩሰው ቆማ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ትከሻዋን ከታመመች ወዲህ አንገቷ ሳታውቀው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዓይኗ ለጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ከልክ በላይ ስለሚቀርብ በተኮሰች ቁጥር መነጽሩ ወደ ኋላ ተወርውሮ ቅንድቧን ይመታታል። አባቷ አቋቋምሽን አስተካክይ አላት፤ እሷ መነጽሩን አስተካክልልኝ አለችው። የቀትሩ ጭቅጭቅ ይኸው ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማታ ላይ አሸነፍኩት» አለች፤ ፈገግ ልትል ስትል አባቷ ትዝ ብሏት ፈገግታዋ ጠፋ። «መነጽሩን ወደ ፊት ገፋልኝ፣ የጉንጭ ማስደገፊያውንም ከፍ አደረገው። ጋሽ ዘይቱ ብሎኑን አጠበቀ፣ እማዬ መብራት ያዘች። ሳልፈራ የተኮስኩት ያኔ ነው። አባዬ ግንባሬን ሳመኝ።»

«አጎትሽስ?»

«አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ነው የወጣው።»

ጋሽ ዘይቱ የሚሉት ጠመንጃ ጠጋኙን ነው። ረጅም፣ ጺማም ሰው ሲሆን ያልተቀባ ብረት ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ መርማሪው የዎርክሾፑን በር ሲከፍት ማጠፊያው ጮኸና፣ ሰውየው ሰላም ከማለቱ በፊት ዘይት ጠብ አደረገበት። ስለ ቤቱ ደንብ ሲጠየቅ ግን ምላሱም ተቀባ። እዚህ ቤት ጠመንጃ እንደ ልብስ በልክ ይሰፋል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ይጥላል፣ ጉንጩን ያሳርፋል፣ ከዚያ ዓይኑን ይከፍታል። ያኔ በመነጽሩ ውስጥ ዙሪያው ሙሉ ሆኖ ከታየው ልኩ ነው፤ ጥቁር ቀለበት ወይም እንደ ጎደለ ጨረቃ ያለ ጥላ ካየ ልኩ አይደለም። ልኩ ሲገኝ መነጽሩ በተቀመጠበት ሐዲድ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ይደረጋል። የሌላ ሰው ጠመንጃ የተዋሰ፣ ለራሱ አስተካክሎ ቢተኩስም እንኳ፣ ወደ ቀዩ ሳይመልስ ቦታው ላይ አያቆመውም።

«ሳያስተካክል ቢተኩስስ?» አለ መርማሪው።

«በሰው ጫማ እኮ ይሮጣል፤ እግር ይልጣል እንጂ። በሰው ጠመንጃ ግን የኛ ሰው አይተኩስም። ሊስት? ዒላማ ከመሳትስ ሞቱን ይመርጣል።»

«ትናንት ማታ ለልጅቱ ስታስተካክሉ ቀዩን አዛወራችሁት?»

«አላዛወርነውም። ሟቹ ጋሼ፣ ሰውነቷ ሳይቀበለው ቀለም አይቀባም አሉ። አሮጌው ምልክት እንደነበረ ቀረ።»

መርማሪው ከዚያ በኋላ ወደ ጠመንጃ ክፍሉ ገብቶ ብዙ ቆየ። የልጅቱ መሣሪያ መነጽር በትክክል በቀዩ ምልክት ላይ ተቀምጧል። ብሎኖቹ በተጣበቁ ቁጥር የሐዲዱን ጥቁር ቅብ ነክሰው ይተዋሉ፤ በቀዩ ላይ ያለው ንክሻ አሮጌና የደበዘዘ ነው። ከእሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ሌላ ንክሻ አለ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ከዚያም ወደ ፊት ሦስተኛ አገኘ። እሱም አዲስ ነው።

ከሜዳው ወዲህ ያለው የዕቃ ቤት ቆጥ ላይ ደግሞ አቧራው ተናግሯል። ሁለት የክርን ጉድጓዶች፣ የሆድ መተሻሸት፣ ከኋላ የጫማ ጫፍ። ተኳሹ ተኝቶ ነው የተኮሰው።

ታናሽ ወንድምየው ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ደንደን ያለ፣ ትሑት፣ ፊቱን በደንብ የተላጨ። ስለ ወንድሙ ልጅ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልጄ ናት ማለት ይቻላል አለ፤ ግን ትናንት እንደዚያ ተናዳ አይቷት አያውቅም። እሱ ራሱ ተኝቶ በመተኮስ ለብዙ ዓመት የክለቡ ተወዳዳሪ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ጠርቶ፣ ጥይቶችህ መባዘን ጀምረዋል፣ ዓይንህ ደክሟል፣ ዘንድሮ ለውድድሩ ካንተ ይልቅ ልጅቱ ትሂድ ብሎታል። ይህን የተናገረው እየሳቀ ነው።

«ዕድሜ ነው። ተቀበልኩት» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ በመስኮቱ ማዶ ከአጥሩ ውጪ የቆመውን መኪና የሰሌዳ ቁጥር አነበበለት።

የመጨረሻዋ ሚስትየው ነበረች። ማታ መብራት መያዟን፣ በልጅነቷ እሷም ተኝታ ትተኩስ እንደነበር፣ ባሏንም ያገኘችው በዚሁ ሜዳ እንደሆነ በአጭሩ መለሰች። ልጅቱና ጠጋኙ ከሄዱ በኋላ ባልሽ ምን ሲሠራ አመሸ ሲላት፣ «ሥራ ነበረው» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ የተዘጋ በር እንጂ የተደበቀ ነገር አልመሰለውም፤ አልገፋበትም።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ወደ መተኮሻው ዳስ ተጠሩ። ሜዳው ባዶ ነበር፤ ከሩቅ፣ ሬሳው የተነሣበት ጠጠር ጠቁሮ ይታያል። በዳሱ ወለል ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ የልጅቱ ጠመንጃ እንዳይተኩስ የመተኮሻው ብረት ወጥቶለት ተጋድሟል። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ልጅቱ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች።

መርማሪው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሦስቱን ንክሻዎች አንድ በአንድ አሳያቸው። የመጀመሪያው አሮጌው ልኳ ነው። ሁለተኛው አባቷ ትናንት ማታ የሰጣት ልክ። ሦስተኛው የገዳዩ ነው፤ ተኝቶ የሚተኩስ ሰው ጭንቅላቱ ወደ ፊት ስለሚገፋ መነጽሩ ይበልጥ ወደ ፊት መሄድ አለበት።

«ገዳዩ ተኩሶ ሲጨርስ መነጽሩን መለሰው» አለ። «ጥያቄው የት መለሰው ነው። ወደ ቀዩ መለሰው። ይቺ ልጅ ብትሆን፣ ቅንድቧን ወደሚፈነክታት ቦታ ለምን ትመልሰዋለች? ማታ ያገኘችው አዲሱ ቦታ እያለላት? እናቷ መብራት ይዛለች፣ ጋሽ ዘይቱ ብሎን አጥብቋል። ሦስቱም ቀዩ እንደተሻረ ያውቃሉ። ወደ ቀዩ የመለሰው ማታ ያልነበረ ሰው ነው። በጠዋቱ ድንግዝግዝ፣ ሐዲዱን ሳያይ፣ በለመደ እጁ ብሎኑን አላልቶ የገፋው ሰው።»

ሁሉም ወደ ታናሽየው ዞሩ። እሱ አልደነገጠም።

«ቀይ ቀለም ማንም ያያል» አለ በእርጋታ። «ማታ የነበረ ሰውም ተንኮለኛ ከሆነ፣ እኔን ለማስጠርጠር ሆን ብሎ ወደ ቀዩ ይመልሰዋል።»

«ልክ ነህ» አለ መርማሪው። «ስለዚህ ቀዩን ልተወውና ሦስተኛውን ልጠይቀው።»

ጋሽ ዘይቱን መነጽሩን በሦስተኛው ንክሻ ላይ እንዲያጠብቀው አዘዘው። በሜዳው ማዶ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ቁጥሮች ከዳር እስከ ዳር ተጽፈውበታል፤ የዳሮቹን ቁጥሮች የሚያነባቸው መነጽሩ ሙሉ የሆነለት ብቻ ነው። ጠጋኙ ራሱ ቀድሞ ተኛ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጉንጩን አሳረፈ፣ ከፈተ። መሀል ላይ ሁለት ቁጥር፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት። እናትየዋ ቀሚሷን ሰብስባ ተኛች፤ የጎደለ ጨረቃ ብቻ ነው ያየችው። ልጅቱ አንዱን ቁጥር እንኳ መለየት አቃታት።

ታናሽየው ተራው ሲደርስ እግሩን አላነሣም። ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው አለ።

መርማሪው ዓይኖቹን ይበልጥ ገርበብ አደረገና ወደ አዛዡ ዞረ። «ተወው፤ እውነቱን ነው። ለሱ ፈተናው አይሆንም። ልኩ ቢሆንም እንኳ ማንበብ አይችልም። ወንድሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓይኑ ደክሟል ብሎ የለ?»

ጋሽ ዘይቱ በጺሙ ውስጥ ሳቀ። ይህን ሳቅ ታናሽየው ሰማው።

ሄዶ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ክርኖቹ ራሳቸው ቦታቸውን አገኙ፤ ጉንጩ ሳይፈልግ አረፈ። ዓይኑን ከፈተ።

«ሰባት» አለ። «ሁለት። ዜሮ። አራት። ዘጠኝ። አንድ።» ትንፋሹን ሳይጨርስ ጨመረ፤ «ከአንዱ በኋላ ደግሞ ትንሽ ነጥብ አለች።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ። ታናሽየው ጉንጩን ከሰደፉ ሳያነሣ ቆየ። ነጥቧን የተናገረው ኩራቱ ነበር፤ ምን እንዳለ የገባው ዝምታውን ሲሰማ ነው።

«ነጥቧን በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያደረግኋት እኔ ነኝ» አለ መርማሪው። «ያለ ልክ አትታይም።»

ታናሽየው ቀስ ብሎ ተነሣና የጉልበቱን አቧራ አራገፈ። የልጅቱን ክንድ ይዞ የነበረው ፖሊስ ለቀቃትና ወደ እሱ ሄደ። ታናሽየው የሚያየው ግን የወንድሙን ሚስት ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ዓይኔ ደህና ነው ብዬው ነበር» አለ። «ለመንኩት። ዕድሜ ልኬን ታናሽ አድርጎኝ... አንድ ቀን እንኳ አልሰማኝም።»

እሷ ልጇን አቅፋ ነበር። በልጇ ራስ ላይ አሻግራ አየችው፤ ስትናገር እንግዳ እንደሚያናግር ሰው ነበር።

«ሰምቶሃል» አለችው። «እነዚህ ከሄዱ በኋላ ያንተን ጠመንጃ አወረደ። ሲፈታታው አመሸ። የመነጽርህ ማቀፊያ ከሥሩ ተሰንጥቆ አገኘው፤ በተኮስክ ቁጥር ይነቃነቃል። "ዓይኑ አይደለም፣ በድዬዋለሁ፣ ሁለቱም ይሄዳሉ" አለኝ። ጠዋት የሰቀለው ያንተን ዒላማ ነው። ራሱ ሊነግርህ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም።»

ፖሊሱ እጁን ሲይዘው አልተቃወመም።

«ድገሚልኝ» አላት።

ልጇን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። አልደገመችለትም።