የአንድ ክፍል ትንፋሽ

በሐይቁ ዳር ባለው የማገገሚያ ማዕከል ሕመም የሚታከመው በትንፋሽ ነበር። የጉልበት መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ የተተካላቸው ሕሙማን ደረታቸው ላይ «መሪ ትንፋሽ» ይለጠፍላቸዋል። እንደ ቅጠል የሳሳ መሣሪያ ነው፤ አተነፋፈሳቸውን እያዳመጠ በለሆሳስ ይመራቸዋል። «በአፍንጫ ሳቡ… ያዙ… በአፍ ቀስ ብላችሁ አውጡ።» ትንፋሹ ሲወጣ ሕመሙም አብሮት ይወጣል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ትርሲት ከምሳ ተመልሳ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ስትገባ የሁሉም ደረት እኩል ሲነሣ፣ እኩል ሲወርድ አየች። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ መደማመጥ ጀምረዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ደስ አላት። ቆይታ ግን በሁለት ትንፋሽ መካከል ያለው ዝምታ እየረዘመ መምጣቱን አስተዋለች።

በመስኮቱ በኩል የተኙት የአቶ ጋዲሳ ከንፈር ጠቁሯል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። መሣሪያዎቹ ከሁሉም የረጋውን ትንፋሽ መርጠው ሌላውን ወደዚያ እየሳቡ ነበር። የረጋው ደግሞ የሚሞተው ሰው ትንፋሽ ነው።

«ሐኪም! ሐኪም ጥሩልኝ!» እያለች መሣሪያዎቹን ከየደረቱ ገነጠለች። ምንም አልተለወጠም፤ ሰውነታቸው ዜማውን ለምዶታል። አጠገቧ ባለው አልጋ የተኙት የእማማ ዘርፌ ደረት ወርዶ ቀረ። ትርሲት የምታደርገው ቢጠፋት ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ጉልበታቸውን ይዛ አጠፈችው።

«ወይኔ! ገደልሽኝ!»

ጮኹ፤ ተነፈሱ። ከአልጋ አልጋ እየሮጠች ሁሉንም አሳመመቻቸው። ክፍሉ በሲቃ ተሞላ። ሐኪሙ ደርሶ ብዙ ቢታገልም አቶ ጋዲሳ አልተመለሱም።

አስከሬኑ ሲወጣ ትርሲት እማማ ዘርፌ አጠገብ ተቀመጠች። 

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። መሣሪያው ተበላሽቶ ሊገድላችሁ ነበር።»

«አልተበላሸም ልጄ» አሉ አሮጊቷ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «ሰውየው ሲሄድ ይሰማን ነበር። ፈርቶ ነበር። አብረነው ስንተነፍስ ፍርሃቱ ለቀቀው። እንዴት ብለን ጥለነው እንመለስ?»

«ሞት እኮ ነው!»

«አውቀናል። አንቺ ነጥለሽን ብቻውን ሰደድሽው። የሚቀጥለው ግን ብቻውን አይሄድም።»

ትርሲት ሌሎቹ እንዲያስተባብሉ ዞር ዞር ብላ አየች። ይልቁንም መሣሪያውን እንድትመልስላቸው ከየአልጋው እጃቸውን ዘረጉላት።