የኦምቦጎ ጆሮ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። "ጨለማ አሳስቷት ነው" እንዳትሉኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ አሸዋው ላይ።

አዊኖ እባላለሁ። ኪሱሙ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ንያሚቴ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የሄድኩት ስለ አንድ ሰው መጽሐፍ ልጽፍ ነበር።

ስለ ኦምቦጎ።

በእኛ አካባቢ የኦምቦጎ ስም የሚጠራው ልጅ ሲያስቸግር ነው። "ዝም በል፣ ኦምቦጎ ይሰማሃል!" ይባላል። ጠንቋይ... ጀልባ ገልባጭ... ያልተባለው ነገር የለም።

እሱ ግን ራዲዮና የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። አንድ ነገር ፈጠረ። ረጅም የብረት ቧንቧ ወስዶ አንዱን ጫፍ በፍየል ቆዳ ወጠረና ሐይቁ ውስጥ ሰደደው። ሌላኛው ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ቀንድ በየደበት። ጆሮህን ቀንዱ ላይ ስትለጥፍ ከውሃው በታች ያለው ሁሉ ይሰማሃል። የዓሣ መንጋ ሲያልፍ... የሩቅ ሞተር ሲያጓራ...

ሰዉ "የኦምቦጎ ጆሮ" አለው። ሳቁበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕበል ተነሳ። አንዲት ጀልባ ከነሰዎቿ ተገለበጠች። ኦምቦጎ ከቧንቧው ሥር እየሮጠ ወደ ገበያው መጣ።

"አልሞቱም! ከጀልባዋ ሥር ሆነው እያንኳኩ ነው! ድረሱላቸው!"

ማንም አልወጣም።

በማግስቱ ጀልባዋን እንደተገለበጠች አገኟት። ሰዎቹም ከሥሯ ሞተው ተገኙ።

"እንዴት አወቀ? እሱ ራሱ ነው የጠራቸው!" ተባለ። ኦምቦጎን እዚያው አሸዋው ላይ በመቅዘፊያና በድንጋይ ቀጥቅጠው ገደሉት። ሬሳውን ሐይቁ ውስጥ ጣሉት። ቤቱን አቃጠሉ። ያቺን ጀልባም አቃጠሉ።

ቧንቧው ብቻ ቀረ። ብረት አይነድ ነገር...

የዚህን ሰው ስም ላነጻ ነው የሄድኩት። ያረፍኩት የኦምቦጎ ሴት ልጅ አኬሎ ቤት ነበር። አባቷ ሲገደል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዳርቻው ላይ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ዝምተኛ ናት። ስትስቅ አላየኋትም።

የዕለት ማስታወሻ መያዝ ልማዴ ነው። ማን ምን እንዳለኝ፣ ምን እንደበላሁ፣ ምን እንዳስፈራኝ... ሳልጽፍ የዋልኩበት ቀን የለም። እንደገባሁ እንዲህ ጻፍኩ።

"ቧንቧው ከውሃው ብቅ ብሎ ዘንበል እንዳለ ቆሟል። ጀልባው ሁሉ ቦታ ጠቦት እየተጋፋ ይታሰራል... እሱ ላይ ግን ማንም አያስርም። ወፍ እንኳ አያርፍበትም።"

በማግስቱ ደግሞ እንዲህ ጻፍኩ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሳ። ዳርቻው ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ ሙዚቃውን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ጆሮ ያደነቁራል። አንድም ሰው ግን እግሩን አያነቃንቅም።"

ሌላ ቀን...

"ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈዋል። የጆሮ በሽታ ገብቶ ይሆን?"

የጆሮ በሽታ! ሞኝ ነበርኩ።

የዳርቻው ሹም ኦኮንጎ ይባላል። አርጅቷል፤ ክንዱ ግን የዛፍ ግንድ ነው። ወንድሙ ኦዲራ ከሰጠሙት አንዱ ነበር። ኦምቦጎን ቀድሞ የመታው ኦኮንጎ እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እሱም አይደብቅም።

"ጸሐፊዋ!" ይለኛል ባለፍኩ ቁጥር። "ዛሬስ ምን ጫርሽ? 'ኦኮንጎ መልከ መልካም ነው' ብለሽ ጻፊልኝ እንጂ!"

"መጀመሪያ ጺምዎን ይላጩ፣ ባባ!"

እዚያ አባትም ሽማግሌም "ባባ" ነው የሚባለው። ዳርቻው በሳቅ ያውካካል። እውነቱን ልንገራችሁ... ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። "ባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሙዚቃው ለምንድን ነው?"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጎንበስ አለና በጆሮዬ...

"ስሚ ልጄ። ብዕርሽ ረጅም ነው... አንገትሽ ግን ቀጭን ነው።"

ምሳ ላይ ለአኬሎ ነገርኳት። የኡጋሊ ገንፎውን የያዘው እጇ ባለበት ቀረ።

"ተይው" አለችኝ።

"አባትሽ እኮ ነው አኬሎ!"

ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ...

"ሲገድሉት ከዓሣ ማድረቂያው ሥር ተደብቄ አይቻለሁ። አንድ ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም።"

"ምን?"

"አፉን ነበር የሚመቱት። ጭንቅላቱን አይደለም... አፉን። ጥርሱ ካለቀም በኋላ አፉን።"

ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ ይህን ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ነው መብራት የጠፋው።

ቀን ነው... ዳርቻው ሞቅ ብሏል። ሴቶቹ ዓሣ ያገላብጣሉ፣ ወንዶቹ መረብ ይጠግናሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋሱ ተነሳ።

ሙዚቃ የለም።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ተነሳች። ዓሣዋ ዘይት ውስጥ እየተጠበሰ ጥላው ሄደች። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ሁሉም። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም። አንገታቸውን ደፍተው በፍጥነት እየተራመዱ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። እኔ፣ ማስታወሻዬ... እና ቧንቧው።

ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ደረሰ። የዛገውን ቀንድ በቀሚሴ ጠረግኩት። ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ምንም የለም። የውሃ ድምፅ ብቻ...

ከዚያ...

ኳ።

ኳ... ኳ።

እጅ ነው። የሰው እጅ እንጨት ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው። የደከመ ሰው እጅ...

ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። በብዕሬ ጀርባ ቧንቧውን መታሁ።

ኳ። ኳ።

ከታች ያለው ድምፅ ቀጥ አለ።

ጆሮዬን ይበልጥ አጠጋሁ።

ከዚያ መቧጨር ጀመረ። ከሥር... ጥፍር በብረቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ... ቀስ እያለ... ወደ ላይ... ወደ ጆሮዬ!

እየተደናቀፍኩ ወጣሁ። አሸዋው ላይ ወድቄ ስዞር ሐይቁ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። ነፋሱ ወደ ሐይቁ ውስጥ ይነፍሳል... ያ ነገር ግን ነፋሱን እየተቃወመ ወደ ዳርቻው ይመጣል።

የተገለበጠች ጀልባ ናት።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር ሳልል መቅዘፊያው ትከሻዬ ላይ አረፈ። አጥንቴ ቀጭ ሲል ተሰማኝ።

ኦኮንጎ ነው። ከኋላው ሽማግሌዎቹ፣ ከነሱም ኋላ ግማሹ መንደር ቆሟል።

"መለስሽላቸው?" አለኝ። አይጮህም። ያስፈራኝም ይኸው ነው... ያንሾካሹካል። "አንቺ ልጅ... አንኳኳሽ?"

"አ... አዎ..."

በእግሩ ሆዴን መታኝ። ፀጉሬን ይዞ ፊቴን አሸዋው ላይ ጫነው። ማስታወሻዬን አንስቶ አፍንጫዬ ሥር ወረወረው።

"ጻፊ!"

"ምን?"

"'ማንም ምንም አልሰማም' ብለሽ ጻፊ!"

"እጄ... ትከሻዬ ተሰብሯል..."

"በግራሽ ጻፊ!"

መቅዘፊያውን አናቴ ላይ አንስቷል። በግራ እጄ ጀመርኩ። ከአፌ የሚንጠባጠበው ደም ፊደሉን ያጠፋዋል። "ማንም... ምንም..."

ጀልባዋ አሸዋውን ነካች።

ኳ። ኳ። ኳ።

አሁን ቧንቧ አያስፈልግም ነበር። ከጀልባዋ ሥር ነው። ሁላችንም ሰማን።

"ያቺን ጀልባ በገዛ እጄ አቃጥያታለሁ..." አለ ኦኮንጎ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

አኬሎ ሰዉን ከፍላ መጣች። የዓሣ ቢላዋዋ እጇ ላይ ነው።

"ባባ ኦኮንጎ። ጥጡን አውጣው።"

"ዞር በይ፣ የጠንቋይ ልጅ!"

"ከጆሮህ ጥጡን አውጣው።" ቢላዋው አይንቀጠቀጥም። "ያኔም ሰምታችኋል፣ አይደል? አባቴ ብቻ አልነበረም የሰማው።"

ሽማግሌዎቹ አሸዋውን ያያሉ። አንደኛው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"በተራ ቧንቧው ላይ ጆሯችንን ለጠፍን" አለ። "ሁላችንም..."

"ዝም በል!" አለው ኦኮንጎ።

"አመሻሹን ሁሉ ሲያንኳኩ ሰማን... እስኪያቆሙ ድረስ..."

ኦኮንጎ መቅዘፊያውን ዝቅ አደረገ። በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ያረጀ መሰለኝ።

"ማዕበሉን ፈራሁ" አለ። "ወንድሜ ስሜን ይጠራል... እኔ ማዕበሉን ፈራሁ። በማግስቱ አባትሽ የሟቾቹ እናቶች ሁሉ ባሉበት 'ሰምታችሁ ዝም አላችሁ' ሊል አፉን ከፈተ። እና..."

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው።

አፉን የመቱት ለዚህ ነበር። በጥንቆላው ማንም አላመነም። አንድም ሰው!

"ኦኮንጎ..."

ከጀልባዋ ሥር ነው። የወጣት ወንድ ድምፅ። እርጥብ...

ሽማግሌው መቅዘፊያውን ጣለ። ጥጡን ከጆሮው ነቀለ።

"ኦዲራ? ኦዲራ፣ ወንድሜ... መጣሁ! መጣሁልህ!"

ተንበረከከ። የጀልባዋን ጠርዝ በትከሻው ቀና አደረገና በሆዱ እየተሳበ ገባ።

ጀልባዋ ድም ብላ ተከደነች።

መጀመሪያ ልቅሶ ሰማን። የሁለት ሰው።

ከዚያ መምታት ተጀመረ።

የሚሰማው ድንጋይና እንጨት ሥጋ ሲያገኝ ነው። አንድ ሰው አይደለም የሚመታው... ብዙ ነው። ኦኮንጎ "እርዱኝ!" ብሎ ጮኸ። እንደገና ጮኸ። ከዚያ ቃሉ መሰባበር ጀመረ... አፉ ውስጥ ጥርስ እንደሞላ ሰው... ከዚያ የሚንቦጫረቅ ውሃ ብቻ።

ሮጥኩ። በአንድ እጄ ጠርዙን ይዤ ጎተትኩ። ጥፍሬ ተነቀለ። ጀልባዋ ተራራ ሆነችብኝ።

"አግዙኝ! እየገደሉት ነው! ሰዎች!"

ማንም አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው ቆመዋል... እንደ ያኔው። አኬሎን አየኋት።

"አኬሎ፣ እባክሽ!"

"እሰማዋለሁ" አለችኝ በቀስታ። "እየሰማሁት ነው።"

ከውስጥ መንኳኳት መጣ። ኳ... ኳ... የደከመ እጅ። ከዚያ እሱም ቆመ።

ያን ጊዜ ጀልባዋ እንደ ቅርጫት ቀላል ሆና በአንድ እጄ ተነሳች።

ኦኮንጎ ብቻውን ተንጋሎ ተኝቷል። አፉ... አፍ የሚባል የለውም። የጣቶቹ አንጓ እስከ አጥንቱ ተልጧል። አሸዋው ደረቅ ነው፤ ከጉሮሮው ግን የሐይቅ ውሃ ሳያቋርጥ ይፈሳል።

ሌላ ሰው የለም።

"እዩ..." አለ አንዱ።

ከጀልባዋ ሥር የባዶ እግር ዱካ ወጥቷል። የአንድ ሰው ዱካ። ማንም ሲወጣ አላየንም፤ ዱካው ግን በመካከላችን አልፏል። እኔ ከቆምኩበት አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ፀሐዩ እያቃጠለ እያንዳንዱ የእግር ቅርፅ ውሃ አቁሯል።

የሚሄደው ወደ ሐይቁ አልነበረም። ወደ መንደሩ ነው።

አኬሎ ቢላዋውን ጣለች። ዱካውን ተከትላ ሄደች... አልሮጠችም። የራሷ ቤት ደጃፍ ላይ ቆም አለች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ገባች። በሩን ዘጋችው።

ትከሻዬን ደግፌ ተከተልኳት። እጄን በሩ ላይ አደረግኩ... መግፋት ግን አልቻልኩም። ጆሮዬን ለጠፍኩ።

የአኬሎ ድምፅ ነው። ግን የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ...

"ባባ... ብላ እንጂ። ብላ፣ አሁን ማንም አይመጣም።"

ከዚያ አንድ ወንድ ሳለ። ረጅም... ውሃ የሞላው ሳል።