ከአምባው የጠፋው ጂዞ

ጂዞው በቦታው የለም።

ቺናትሱ በፈረሰው ምሽግ፣ ከአሮጌው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክካ ባዶውን መቀመጫ ትዳስሳለች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ በየሳምንቱ ወደ አምባው እየወጣች፣ የሞቱ ሕፃናት ጠባቂ የሚባለውን ጂዞ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማይበልጠውን የድንጋይ ምስል፣ እንደ ሕፃን ታለብሰዋለች። ልጅ የሞተባቸው የመንደሩ እናቶች ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» አለች።

የመንደሩ ብቸኛ ፖሊስ ሳጅን ኦሪዬ ትከሻዋን አቀፈቻት። ከኋላቸው ፍርስራሹን የሚያስጎበኙት ሽማግሌ ታሜጎሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«አባባ፣ በየት ያወረዱት ይመስልዎታል?»

«በዋናው በር ነዋ፣ ልጄ። የኋላው መንገድማ በአምናው አውሎ ነፋስ ተንዷል። ዝንጀሮም አያልፍበት።»

ሁሉም የጠረጠረው ሃጊዋራን ነው። የከተማው የጥንት ዕቃ ነጋዴ ጂዞውን ሽጡልኝ እያለ የጂዞውን ባለአደራ፣ የመንደሩን መነኩሴ፣ ሲያሰለች ከርሟል። መኪናውም ትናንት ከተራራው ሥር ታይታለች። ኦሪዬ ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ትናንት ምን ሊሠሩ መጡ?»

«እንጉዳይ ልገዛ።»

«ጂዞውንስ?»

«መለመን ወንጀል ሆነ እንዴ? እስቲ ይዩኝ!» ሊነሳ ሞክሮ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። «እንኳን ድንጋይ ላነሳ፣ ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ ሚስቴ ናት!»

«እሱንም እያማረረ!» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

ኦሪዬ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ተራራው ተመለሰች። ዋናውን መንገድ እስከ ታች ፈተሸችው፤ ምንም የለም። የቀረው ተናደ የተባለው የኋላ መንገድ ነው።

አልተናደም።

እንዲያውም የወደቀው ቅርንጫፍ ተጠርጎ ተነስቷል። ከግንቡ ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ለምለም ቅጠል ተጎዝጉዞ አገኘች። መሃሉ በሸክም ተጨፍልቋል። ዝቅ ብሎ ሌላ ጉዝጓዝ አለ። ሌባው ሊያርፍ በቆመ ቁጥር ለሸክሙ አንጥፎ አስተኝቶታል።

ሊሸጥ የሰረቀ ለድንጋይ አያነጥፍም። መንገዱ ተንዷል ያሏት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ታሜጎሮ። በልጅነቷ በትከሻቸው ተሸክመው ይህን አምባ ያሳዩዋት እሳቸው ነበሩ።

የታሜጎሮ ቤት በረንዳ ላይ ጂዞው ፀሐይ ይሞቃል። ሚስታቸው ፉሳኖ የተላጠ ፍሬ ፊቱ አስቀምጠውለታል።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ! ጉልበቴ እምቢ ቢለኝ መነኩሴው አዝነው እስኪሻለኝ አዋሱኝ እኮ!»

ኦሪዬ ሽማግሌውን አየቻቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«መነኩሴው አላዋሱም፣ እማማ።»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ ታሜጎሮ። «ስለ ልጃችን ወደ ጂዞው መውጣት ካቃታት ጀምሮ ተራራውን እያየች ታለቅሳለች። እኔ ስገባ እንባዋን ትጠርጋለች። እስከ መቼ እንዳላየ ልሁን?»

ፉሳኖ ባላቸውን በማራገቢያቸው ጠፍ አደረጓቸው። «አንተ ሽማግሌ! የኔን እንባ ስታይ የሌላዋ እናት እንባ አልታየህም?»

«ዛሬ ጠዋት አየሁት። ከዚያ ወዲህ እህል አልወረደልኝም።»

«በል ተነስ፣ መልስ! እኔም እሄዳለሁ።»

«በምን እግርሽ?»

ኦሪዬ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች። «በኔ እግር። ቺናትሱንም አስጠራታለሁ። ልክሰስ ካለች ግን፣ አባባ፣ አልከለክላትም።»

አቀበቱ ላይ ፉሳኖ በጆሮዋ አንሾካሾኩ፦ «ድሮ አሮጊት አዝለው ተራራ የሚወጡት ሊጥሏት ነው ይባላል።»

«ዝም ካላሉ እኔም እጥልዎታለሁ!»

ላይ ቺናትሱ ትጠብቃለች። ታሜጎሮ ጂዞውን ከጀርባቸው አውርደው ቦታው ላይ አስቀመጡና ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ሰገዱላት። ሁሉንም ነገሯት።

ቺናትሱ የጂዞውን ልብስ አስተካከለችለት።

«ይነሱ፣ አባባ» አለች። ወደ ፉሳኖም ዞረች። «እማማ፣ ከእንግዲህ እኔ ስመጣ ለእርስዎም ልጅ እጸልያለሁ። ስሙ ማን ነበር?»

ፉሳኖ ወደ ባላቸው ዞሩ።

ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያን ስም በአፋቸው ጠርተውት የማያውቁት ታሜጎሮ፣ የሚስታቸውን እጅ ያዙ።

«ሺንኪቺ» አሉ። «ሺንኪቺ ነበር።»